የተኛው ምስክር

በ1992 በብራዚል፣ ሪቤራው ፕሬቶ በተባለች ከተማ፣ ማሻዶና ቦናጋምባ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአይጦች አንጎል ግንድ ውስጥ እጅግ ጥቂት ግሉታሜት ጨመሩ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግሉታሜት አንዱ ነርቭ ሌላውን «ተነሳ» የሚልበት ኬሚካል ነው። ቦታውም በዘፈቀደ የተመረጠ አልነበረም፤ ስለ ደም ግፊት ከደም ቅዳዎች የሚመጣው ወሬ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1980፣ ታልማን፣ ፔሮኔና ራይስ በተደነዘዙ አይጦች ላይ ይህንኑ ሞክረው ግፊቱ ቁልቁል ሲወርድ፣ የልብ ምቱም ሲዘገይ አይተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንደ ተዘጋ መዝገብ ተቆጠረ። ብራዚላውያኑ ግን ቀጭኑን ቱቦ ቀደም ብለው ተክለው፣ አይጡ ከቀዶ ጥገናው አገግሞ በጎጆው ወዲያ ወዲህ ማለት ከጀመረ በኋላ ነበር ጠብታዋን የሰጡት። ግፊቱ ወጣ። በማደንዘዣ ሥር ሲደግሙት ግን ወረደ።

ይህ ሐተታ ስለ አንድ ውድቀት ነው። የወደቀው የደም ግፊት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሐኪም ትቶ ማለፍ ይቻል ነበር። አብሮ የወደቀ ሌላ ነገር አለ፤ የአንድ ምስክር ተአማኒነት ነው። ምስክሩ በማደንዘዣ የተኛው እንስሳ ነው። አንጎል የደም ግፊትን እንዴት እንደሚገዛ በመማሪያ መጻሕፍት የሰፈረው ትምህርት አብዛኛው ከተኛ ውሻ፣ ከተኛ ድመት፣ ከተኛ ጥንቸልና ከተኛ አይጥ የተቀዳ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህ ምስክር መጠርጠር ጀመረ፤ ቃሉ እንደገና ተመረመረ፤ ክብሩም ቀነሰ። ለምን ሆነ ሲባል የተለመደው መልስ «መሣሪያ ተሻሻለ» የሚል ነው። እኔ ይህን መልስ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ምስክሩን ከሁሉ በላይ የጎዳው ማደንዘዣው እንደ ጠረጴዛው፣ እንደ መብራቱ የክፍሉ ዕቃ ተደርጎ መቆጠሩ ነው። በጥናቱ የአሠራር ክፍል «በክሎራሎዝ ተደንዝዞ» የምትል አንዲት መስመር ትሰፍራለች። መደምደሚያው ጋ ስትደርሱ ያቺ መስመር የለችም፤ «ድመት እንዲህ ታደርጋለች» የሚል ብቻ ቀርቷል።

የሥርዓቱን አሠራር ጥቂት ቀረብ ብለን እንየው። ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ቅስት ላይና በአንገት ግራና ቀኝ ባሉት ደም ቅዳዎች ግድግዳ ላይ መለጠጥን የሚሰሙ የነርቭ ጫፎች አሉ። ግፊት ሲጨምር ግድግዳው ይለጠጣል፤ እነሱም ወሬውን ወደ አንጎል ግንድ ይልካሉ። የጀርመን ሊቃውንት እነዚህን ነርቮች «የደም ግፊት ልጓሞች» ይሏቸው ነበር። ወሬው የሚያርፍበት ስፍራ በላቲን ኑክሌየስ ትራክተስ ሶሊታሪየስ ይባላል፤ እኛ «ማረፊያው» እንበለው። ማረፊያው በግሉታሜት አማካይነት ከልካይ ሕዋሳትን ያስነሳል። ከልካዮቹ ደግሞ ጋባ በተባለ ኬሚካል፣ ሜዱላ በተባለው የአንጎል ግንድ የታችኛ ክፍል ሆድ በኩል የተቀመጡትን ገፊ ሕዋሳት ዝም ያሰኛሉ። ገፊዎቹ ዝም ሲሉ በኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ ልብና ወደ ደም ሥሮች የሚወርደው የሲምፓቴቲክ ነርቭ ትእዛዝ ይቀንሳል፤ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ግፊት ይወርዳል። በሌላ መስመር ቬገስ የተባለው ነርቭ የልብ ምትን ያዘገያል። ግፊት ሲያንስ ነገሩ ሁሉ በተቃራኒው ይሄዳል። ሁሉም የሰከንዶች ሥራ ነው።

እንግዲህ ማደንዘዣ የሚገባው በየትኛው መገጣጠሚያ ነው? በሁሉም ማለት ይቻላል። ፔንቶባርቢታል፣ ፕሮፖፎልና አይሶፍሉሬን የጋባን ድምፅ ያጎላሉ፤ ከልካዮቹ ጥቂት ሹክ ሲሉ ጩኸት ሆኖ ይሰማል። ኬታሚን ከግሉታሜት ተቀባዮች አንዱን ዓይነት ይዘጋል፤ ይህም የመጀመሪያውን ወሬ ማሰናከል ነው። ዛይላዚን አልፋ ሁለት የሚባሉትን ተቀባዮች ነክቶ የሲምፓቴቲኩን ትእዛዝ ከምንጩ ያደርቃል። ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገሮችን መለየት ግድ ይሆናል፤ አንዱ የግፊቱ ቁጥር መውረድ ነው፣ ሌላው የልጓሙ መላላት። ሁለት ውሾች ጎን ለጎን ተኝተው ሁለቱም 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሊያሳዩ ይችላሉ። ጥቂት ደም ሲቀዳላቸው ግን አንዱ ልቡን አፍጥኖ፣ ደም ሥሩን አጥብቆ ግፊቱን ይይዛል፤ የሌላው ቁልቁል ይሄዳል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው ይላል።

የብራዚሉ እንቆቅልሽ ፍቺም እዚህ አካባቢ ነው። ማረፊያው የግፊትን ወሬ ብቻ አይቀበልም፤ ደም ውስጥ ኦክስጅን ማነሱን የሚያሳውቁ ነርቮችም እዚያው ያርፋሉ። የእነዚህኞቹ መልእክት ግፊትን ከፍ የሚያደርግ ነው። ግሉታሜት ሲጨመር ሁለቱም ወገኖች ባንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ በነቃው አይጥ ዘንድ ከፍ የሚያደርገው ወገን ያሸንፋል። ማደንዘዣው ይህን ወገን አፍኖ የመውረዱን ወገን ብቻ ያስቀራል። እንግዲህ የ1980ው ሙከራ ውሸት አልነበረም። ከሁለት ድምፅ አንዱ ብቻ የተሰማበት ችሎት ነበር።

የግፊት መቅረጫውና ማደንዘዣው የተወለዱት በአንድ ሰሞን ነው። ዊሊያም ሞርተን ቦስተን ላይ ኤተርን በአደባባይ ያሳየው በጥቅምት 1846 ነው። ካርል ሉድቪግ በሚዞር ከበሮ ላይ የግፊትን ማዕበል የሚስለውን ኪሞግራፍ ያስተዋወቀው በ1847። ከዚያ በፊት የነበረው ዝነኛ ልኬት የእንግሊዛዊው ቄስ የስቲቨን ሄልስ ነው፤ በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በጀርባዋ አስተኝቶ ያሰራት ባዝራ ደም በመስታወት ቱቦ ውስጥ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ መውጣቱን ጽፏል። ባዝራዋ ነቅታ ነበርና የመጀመሪያው ልኬት ንጹሕ ነው ለማለት ይዳዳል። እስቲ ይቆየን፤ እመለስበታለሁ። ከሉድቪግ በኋላ ሥራው ፈጠነ። በ1866 ሉድቪግና ሲዮን፣ ሲነካ ግፊትን የሚያወርደውን ነርቭ በጥንቸል ላይ አገኙ። በ1871 ኦውሲያኒኮቭ፣ በ1873 ዲትማር፣ በሉድቪግ የላይፕሲክ ቤተ ሙከራ የአንጎልን ግንድ ከላይ ወደ ታች ደረጃ በደረጃ እየቆረጡ የግፊት መግዣው ሥፍራ ሜዱላ ውስጥ መሆኑን አሳዩ። በዚያ ዘመን ኩራሬም ይሠራበት ነበር፤ ኩራሬ ጡንቻን ሽባ ያደርጋል እንጂ ሕመምን አያስቀርም። በ1876 የወጣው የብሪታንያ የእንስሳት ጥበቃ ሕግ «ኩራሬ እንደ ማደንዘዣ አይቆጠርም» ብሎ በግልጽ መደንገግ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ጠብ የተነሣው ግን ከአውሮፓ ውጭ፣ ሕንድ ውስጥ፣ በሃይደራባድ ነው። ክሎሮፎርም ሰዎችን ይገድል ነበር፤ ጥያቄው የሚገድለው በትንፋሽ በኩል ነው ወይስ በልብ በኩል የሚለው ነው። ኤድዋርድ ላውሪ የተባለው የሃይደራባድ የሕክምና ትምህርት ቤት ኃላፊ ክሎሮፎርም ልብን አይነካም፣ ሐኪሙ ትንፋሽን ብቻ ይጠብቅ የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። በአገሩ ገዢ በኒዛሙ ገንዘብ በ1888 እና በ1889 ሁለት ኮሚሽኖች ተቋቁመው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ውሾች ላይ ሙከራ ተደረገ፤ ውጤቱም ላውሪን ደገፈ። የውሾቹ ግፊት ይወርድ ነበር፤ ኮሚሽኑ ግን መውረዱን ክሎሮፎርሙ በአንጎል የግፊት መግዣ ላይ ከሚያደርሰው ሥራ ቆጥሮ፣ እንዲያውም ጥበቃ ነው አለው።

ጋስኬልና ሾር በ1893 የሰጡት መልስ ዛሬም ቢነበብ ያስደስታል። የሁለት እንስሳት የደም ዝውውር አገናኝተው፣ የአንዱን አንጎል ከሌላው ደም መገቡት። እንዲህ ሲሆን ክሎሮፎርምን ለአንጎል ብቻ፣ ወይም ለልብ ብቻ ማድረስ ይቻላል። ክሎሮፎርሙ ለአንጎል ብቻ ሲደርስ ግፊቱ አልወደቀም፤ የወደቀው ወደ ልብ ሲደርስ ነው። ቀጥሎ በ1911 ጉድማን ሌቪ ቀላል የክሎሮፎርም ሰመመን ላይ ባሉ ድመቶች አድሬናሊን ሲጨመር ልብ ድንገት ተርገፍግፋ እንደምትቆም አሳየ፤ ጥልቅ ሰመመን ላይ ከሚሆነው ይልቅ ቀላሉ ላይ ነው የባሰው። ላውሪ ሐሰተኛ አልነበረም። ውሾቹን ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ከትቶ ያየውን ነው የተናገረው። የሳተው «ክሎሮፎርም» የሚለው ቃል አንድ ነገር ብቻ ያመለክታል ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። አንድ መድኃኒት በሁለት መጠን ሁለት መድኃኒት ነው። የሚያሳዝነው፣ ይህ ሁሉ በ1911 ከታወቀ በኋላ ሙያው ትምህርቱን ለሰው ሐኪሞች ትቶ፣ ወደ ራሱ ቤተ ሙከራ ሳያስገባው መቅረቱ ነው።

ከዚያ የክሎራሎዝ ዘመን መጣ። ክሎራሎዝ በ1893 ፓሪስ ላይ አንሪዮና ሻርል ሪሼ ከክሎራልና ከግሉኮስ አጣምረው ያጠኑት ነው። ውኃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፤ ማሞቅ ያስፈልጋል። ሕመምን የማስቀረት ኃይሉ ደካማ ነው፤ የተኛው ድመት በጭብጨባ ድምፅ ይሰፈነጠራል። ታዲያ ለምን ተወደደ? ግፊትን ብዙ አያወርድም፤ ልጓሙም በእርሱ ሥር ሕያው፣ እንዲያውም ከልክ በላይ ንቁ ሆኖ ይታያል። የቤልጅየሙ ኮርኔይ ሄይማንስ ጌንት ላይ የአንገትን ደም ቅዳ ልጓም በውሾች ሲያጠና ክሎራሎዝ የታመነ አገልጋዩ ነበር፤ የ1938ቱን የኖቤል ሽልማትም አግኝቷል። የሄይማንስ ግኝት እውነት ነው፤ ማንም አልሻረውም። ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የመጣው ልማድ ክብ ነበር፤ ልጓሙን አጉልቶ የሚያሳይ መድኃኒት ተመረጠ፣ ቀጥሎም ልጓሙ ትልቅ ነው ተብሎ ተጻፈ። ሰው አጉሊ መነጽር ይዞ ስለ ጉንዳን ቁመት ሲመሰክር ማለት ነው።

ጎን ለጎን ዩሬቴን ነገሠ። አንዴ ከተወጋ ለብዙ ሰዓታት ያስተኛል፤ ርካሽ ነው፤ ለአይጥ ተመችቷል። ነገር ግን በደም ውስጥ ስኳርንና አድሬናሊንን ከፍ ያደርጋል፤ ሲምፓቴቲክ ነርቭን ለሚያጠና ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ1943 ደግሞ ኔትልሺፕና ሄንሾ በትናንሾቹ የቤት አይጦች ሳንባ ላይ ዕጢ እንደሚያመጣ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ዩሬቴን ከሙከራው በኋላ ለማይነቁ እንስሳት ብቻ የሚሰጥ ሆነ፤ አይጡ ተኝቶ ይቀራል፣ ጓንት ማድረግ ያለበት ተመራማሪው ነው።

አንዳንድ ጊዜ ግን መድኃኒቱ ራሱ መንገድ መሪ ይሆናል፤ በዚህ ታሪክ እኔን የበለጠ የሚማርከኝም ይህ ክፍል ነው። ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው ቪልሄልም ፌልድበርግና ብራዚላዊው ፔድሮ ጌርዜንስታይን በ1972 ፔንቶባርቢታልን በድመት አንጎል ውስጥ ባሉት የፈሳሽ ክፍሎች ሲጨምሩ ግፊቱ ወደቀ። በዘመኑ ግምት ሥራው የሚከናወነው ከክፍሎቹ ግድግዳ ነው። ሁለቱ ግን ተከታትለው ሲያዩ ፈሳሹ ከውስጥ ወጥቶ በአንጎል ግንድ ሆድ በኩል ያለውን ላይኛ ገጽ ሲነካ ነው ግፊት የሚወርደው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጌርዜንስታይንና ሲልቨር በዚያው ገጽ ላይ ግላይሲን የተባለውን አፋኝ በትንሽ ቦታ አኑረው ግፊቱን እጅግ ዝቅ ወዳለ ደረጃ አወረዱት፤ ኅብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ያህል። ዛሬ «ገፊዎቹ» ያልናቸው ሕዋሳት አድራሻ የተገኘው እንዲህ ነው። በ1984 ሮስ፣ ሩጄሮና ራይስ በአይጥ ላይ ቦታውን ይበልጥ አጥብበው አሳዩ። ማደንዘዣ የግፊት መግዣውን ቦታ እንደሚያጠፋ በመታወቁ ቦታው ራሱ ታወቀ። እዚህ ላይ መድኃኒቱ ከአሠራር ክፍሉ አንዲት መስመር ወጥቶ ጥያቄው ሆነ፤ ጥያቄ በሆነበት ጊዜም አልዋሸም።

ተቃራኒው በእንግሊዝ በርሚንግሃም ታየ። ሒልተንና ባልደረቦቹ ከ1960 ጀምሮ የሚያጠኑት የመከላከል ምላሽ የሚባለውን ነበር፤ ድመት ውሻ ሲገጥማት የሚሆነውን ማለት ነው። ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል፣ የአንጀትና የኩላሊት ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ የጡንቻ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ልጓሙም ለጊዜው ይለቀቃል፤ ለሽሽት ወይም ለጠብ ይመቻል። ይህ ትእዛዝ የሚመጣው ከግንዱ በላይ፣ ፍርሃት ከሚኖርበት ከአሚግዳላና ከሃይፖታላመስ ነው። በክሎራሎዝና በባርቢቹሬት ሥር አሚግዳላ ሲነካ ይህ ሁሉ ደብዝዞ ይቀራል። ቲምስ በ1981 አልቴሲን የተባለውን ማደንዘዣ ሲጠቀም ግን ምላሹ ሙሉ ሆኖ ወጣ። እስኪ አስቡት፤ ተመራማሪው በክሎራሎዝ ብቻ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ «አሚግዳላ በደም ግፊት ላይ ሥልጣን የለውም» ብሎ በሙሉ ልብ ይጽፍ ነበር። ልጓሙን አጉልቶ ያሳየው መድኃኒት ጋላቢውን ሰወረው። አልቴሲን ራሱ ብዙ አልቆየም፤ የተሟሟበት ዘይታማ ፈሳሽ በሰዎች ላይ የአለርጂ አደጋ ስላመጣ በ1984 ከገበያ ወጣ።

የሚተነፈሱት ማደንዘዣዎች ታሪክ ለእኛም ቅርብ ነው። ሃሎቴንን በ1951 ቻርልስ ሳክሊንግ ሠራው፣ በ1956 ማይክል ጆንስተን ማንቸስተር ላይ ለታካሚ ሰጠው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለረጅም ዓመታት ያገለገለው ይኸው ነው፤ ቀዶ ጥገና ክፍል የሠራ ሰው ሽታውን አይረሳውም። ሃሎቴን ግፊትን የሚያወርደው በዋናነት የልብን ጡንቻ አዳክሞ ነው፤ ልጓሙንም ስለሚያፍን ግፊት ሲወርድ ልብ አይፈጥንም። አይሶፍሉሬን ግን ግፊቱን በተቀራራቢ መጠን ቢያወርድም መንገዱ ሌላ ነው፤ ደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ልብም ብዙ ጊዜ ትፈጥናለች፤ ልጓሙ ቢላላም ጨርሶ አልተለቀቀም። መጠኑ ሲጨመር ይህም ይጠፋል። ስለዚህ «በሃሎቴን» እና «በአይሶፍሉሬን» ብሎ ማወዳደር ብቻውን አይበቃም፤ በእኩል ጥልቀት መሆን አለበት። ኤጀርና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ ያወጡት መለኪያ፣ ከእንስሳቱ ግማሹ ለቁስል የማይንቀሳቀስበት የትንፋሽ መጠን፣ የተፈለገው ለዚህ ነው።

ኬታሚን ከሁሉም ይለያል። ሲምፓቴቲኩን ስለሚቀሰቅስ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ መብራትና ኦክስጅን በሚቆራረጥበት የገጠር ሆስፒታል የተወደደውም በከፊል ለዚህ ነው። ነገር ግን ልብን በቀጥታ ሲነካ ያደክማል፤ የሲምፓቴቲክ ስንቁ ባለቀ በሽተኛ ላይ ግፊት ይወድቃል። ዛይላዚን ደግሞ መጀመሪያ የተሠራው በ1962 ጀርመን ውስጥ፣ ለሰው የደም ግፊት መድኃኒት እንዲሆን ታስቦ ነው። ከብት ለዛይላዚን እጅግ ስስ መሆኑን የእንስሳት ሐኪሞቻችን ያውቁታል፤ ፈረስ የሚቆምበት መጠን አንድ አሥረኛው በሬ ይጥላል። እንግዲህ የደም ግፊት መድኃኒት ሆኖ የተወለደን ነገር ከኬታሚን ቀላቅሎ ወግቶ፣ ከዚያ የዚያን እንስሳ የደም ግፊት ሥርዓት አጠናሁ ማለት ምን ማለት ነው? በየዓመቱ ይደረጋል። በዚህ ቅልቅል የተኛች ትንሽ የቤት አይጥ የልብ ምት ከ300 በታች መውረዱ የተለመደ ነው፤ ነቅታ ሳለች በደቂቃ 500 እና 600 የሚመታ ልብ ነው።

ጥርጣሬው በይፋ የተነገረው በ1970ዎቹ ነው። በ1973 ካውሊ፣ ሊያርና ጋይተን የልጓም ነርቮቻቸው የተቆረጡ ውሾችን ነቅተው ሳሉ ቀኑን ሙሉ ለኩ። የቀድሞ ሙከራዎች ነርቮቹ ሲቆረጡ ግፊት ሰማይ ይነካል ይሉ ነበር። እነዚህ ግን የ24 ሰዓቱ አማካይ ከመደበኛው ብዙም ያልራቀ፣ መዋዠቁ ግን እጅግ የሰፋ ሆኖ አገኙት። በ1975 ቫትነርና ብራውንዋልድ ከተደነዘዘ እንስሳ የተገኘውን ወደነቃው ማሻገር አደገኛ መሆኑን በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፉ። በ1990ዎቹ ደግሞ በአይጥ ሰውነት ውስጥ ተቀብሮ ግፊትን በሬዲዮ የሚያስተላልፍ መለኪያ ተስፋፋ። መሣሪያው ውድቀቱን አፋጠነው እንጂ አልጀመረውም፤ የጀመረው ካውሊና ጋይተን ከአንድ ሰዓት ይልቅ አንድ ቀን መጠበቃቸው ነው።

አሁን ወደ ሄልስ ባዝራ ልመለስ። የነቃ እንስሳ ሁሉ እውነተኛ ምስክር ነው የሚለው አዲሱ እምነት አሮጌውን ስሕተት በተቃራኒ መልክ ይደግመዋል። በጀርባዋ ታስራ የምትሸበር ባዝራ ግፊት የሰላም ጊዜ ግፊት አይደለም። በሙቅ ሣጥን ገብቶ፣ ጅራቱ በመለኪያ ቀለበት ታንቆ የሚለካ አይጥም እንዲሁ ነው፤ የሚለካው ፍርሃቱ ነው። ፍርሃት ልጓሙን እንደሚያስለቅቅ ከበርሚንግሃም ድመቶች አይተናል። ሌላም አለ፤ አንዳንድ ሙከራዎች በነቃ እንስሳ ላይ ሊደረጉ አይገባም። የአንጎልን ግንድ ከፍቶ ከአንድ ሕዋስ ድምፅ መስማት ሕመም ነው፤ ማደንዘዣ እዚያ የሚያስፈልገው ለሳይንሱ ብቻ አይደለም።

መካከለኛ መንገድ አለ፤ አዲስ ግን አይደለም። ሼሪንግተን በ1898 የላይኛውን አንጎል ከግንዱ በመለየት፣ ስሜት የሌለው ግን ግንዱ ሕያው የሆነ እንስሳ አዘጋጅቷል። በ1996 ጁልየን ፓተን ይህን ሐሳብ ወደ ትንሿ የቤት አይጥ አምጥቶ፣ ልብና የአንጎል ግንድ ያለ ማደንዘዣ አብረው የሚሠሩበትን ዝግጅት አቀረበ። ጋባን የሚያጎላ የለም፣ ግሉታሜትን የሚዘጋ የለም። ፍርሃትም የለም፤ ስለዚህ ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ ሁሉ የለም። ይህም ሌላ ጎዶሎ ምስክር ነው፤ የጎደለው ግን ከመጀመሪያው ተነግሯል፤ እኔ የማደንቀውም ይህን ነው።

እንግዲህ የተኛው ምስክር ይባረር ወይ? አይባረር። ሄይማንስ፣ ጌርዜንስታይን፣ ቲምስ ሁሉም ከእርሱ ሰምተው እውነት አግኝተዋል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ በአንድ ማደንዘዣ ብቻ የተገኘ ውጤት ስለ እንስሳው የተነገረ ቃል ተደርጎ መጻፍ የለበትም፤ በሌላ መንገድ በሚሠራ ሁለተኛ ማደንዘዣ፣ በታወቀ ጥልቀት፣ የሰውነት ሙቀት ተጠብቆ ካልተደገመ ስለዚያ መድኃኒት የተነገረ ቃል ነው። የሰውነት ሙቀትን ያነሣሁት ሳላስበው አይደለም። ትንሽ እንስሳ ሲተኛ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ልቡ ይዘገያል፤ ብዙ ጊዜ ለመድኃኒቱ የተጻፈው ጥፋት የብርዱ ነው።

ክሎራሎዝ ዛሬም ይሸጣል። በአውሮፓ የአይጥ መርዝ ነው። አይጧ በልታው ትተኛለች፣ ሙቀቷን ታጣለች፣ በዚያው ትሞታለች፤ በብርድ ቦታ ይበልጥ የሚሠራውም ስለዚህ ነው። በሰሜን አውሮፓ አገሮች ግን የቤት ድመቶች እየተመረዙ ወደ እንስሳት ሐኪም መጉረፋቸው ስለበዛ ለተራ ሸማች መሸጡ እንዲቆም ተደርጓል።